ከስክሪኑ ወደ ኋላ፣ ከሶኬቱ ወደ ፊት፦ ለሥራም ለጌምም የሚሆን ኮምፒውተር ስንገጣጥም

የአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ኤዲተር ነው። ቀን ቀን የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል፣ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ፊፋ ይጫወታል። ባለፈው ክረምት ደወለና «አርቲኤክስ 4060 የሚባል የግራፊክስ ካርድ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ፣ ልግዛው?» አለኝ።

«ስክሪንህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ያው የድሮው ነዋ።»

የድሮው የሚለው ከቢሮ የወጣ ባለ 19 ኢንች ስክሪን ነው። 1366 በ768 ነው የሚያሳየው። ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑ ላይ የምናየውን ምስል የሚስለው ክፍል ነው። ያንን ካርድ እዚያ ላይ ቢሰካው ካርዱ ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው። የሚሠራውን የሠርግ ቪዲዮም ቢሆን በሙሉ መጠኑ አይቶት አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚጀምረው እንደሱ ነው። መጀመሪያ ካርድ ይገዛል፣ ከዚያ በተረፈው ብር ሌላውን ይሞላል። እኔ ለዘመድና ለጓደኛ ስገጣጥም የምሄድበት መንገድ ሌላ ነው። ኮምፒውተር ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ ጫፍ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ስክሪን አለ። በሌላው ጫፍ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አለ። ከስክሪኑ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ስትመጡ የትኛው ካርድና የትኛው ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ አንጎል) እንደሚበቃችሁ ታውቃላችሁ። ከሶኬቱ ስትነሱ ደግሞ ያ ሁሉ ዕቃ እንዳይቃጠል ምን እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ሁለተኛው ጫፍ ሊረሳ አይገባም።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቴሌግራም ላይ ዋጋ ከማገላበጣችሁም በፊት፣ ሁለት ነገር ጻፉ። የምትሠሩበትን ሶፍትዌር በስሙ፣ የምትጫወቱትን ጌም በስሙ። «የግራፊክስ ሥራ» ብላችሁ አትጻፉ። ፎቶሾፕ ነው? ፕሪሚየር ነው? ብሌንደር ነው? እያንዳንዱ የሚፈልገው ይለያያል። ፎቶሾፕ ራም (እየተሠራበት ያለው ነገር ለጊዜው የሚቀመጥበት ማስታወሻ) ይወዳል። ብሌንደር ሬንደር ሲያደርግ (የመጨረሻውን ምስል ሲያወጣ) ሸክሙን ካርዱ ላይ ይጥላል። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት ሠራተኞች በአንዱ) ነው፤ ስለዚህ ኮሩ ብዙ ከሆነ ይልቅ እያንዳንዱ ኮሩ ፈጣን የሆነ ፕሮሰሰር ይሻለዋል። ኤክሴል ለሚሠራና ኮድ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ውድ ካርድ ምንም አይጨምርለትም።

ጌምም እንዲሁ ነው። ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ 2 መካከለኛ ካርድ ላይ በደንብ ይሮጣሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ፈጣን ፕሮሰሰርና ፈጣን ስክሪን ነው። ሳይበርፐንክ 2077 ዓይነቱ ግን ካርዱን ያስጨንቀዋል።

ከዚያ ብሩን ደልድሉ። ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሊያሳስታችሁ ይችላል። በድርሻ ማሰብ ይሻላል። መጀመሪያ የስክሪኑንና የዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየውን ባትሪ) ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ። በቀረው ላይ ከየ100 ብሩ 35ቱን ለካርዱ፣ 30ውን ለፕሮሰሰርና ለማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ 20ውን ለራምና ለኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት)፣ 15ቱን ለፓወር ሰፕላይ (ከሶኬቱ ኃይል ተቀብሎ የሚያከፋፍለው) እና ለኬዝ ያዙ። ጌሙ የሚበዛበት ሰው ካርዱ ላይ ትንሽ ይጨምር። ሥራው የሚበዛበት ፕሮሰሰሩና ራሙ ላይ ይጨምር። ከ15ቱ ላይ ግን ማንም አይቀንስ። ለምን እንደሆነ ሶኬቱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ስክሪኑ

ለመካከለኛ በጀት ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ባለ 24 ኢንች 1920 በ1080 (ሰው 1080ፒ የሚለው) ወይም ባለ 27 ኢንች 2560 በ1440። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ወደ 2 ነጥብ 1 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። ሁለተኛው ወደ 3 ነጥብ 7 ሚሊዮን። ካርዱ እያንዳንዷን ነጥብ በሰከንድ ብዙ ጊዜ መሳል አለበት። ስለዚህ ወደ 1440 ስትሄዱ የካርዱ ሥራ በብዙ ይጨምራል። ፎርኬ ከ1080ፒ አራት እጥፍ ነው፤ በዚህ በጀት ለጌም አታስቡት።

የእኔ ምክር፣ ጌሙ የሚያመዝንባችሁ ከሆነ 1080ፒ ሆኖ 144 ሄርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር) ወይም ከዚያ በላይ ግዙ። ቀኑን ሙሉ ኤዲት የምታደርጉ፣ ዲዛይን የምትሠሩ ወይም ረጅም ኮድ የምታነቡ ከሆነ ባለ 27 ኢንቹ 1440 ዓይናችሁን ያሳርፈዋል፤ የኤዲቲንጉ ታይምላይንም ሰፋ ይላል። በሁለቱም አይፒኤስ ፓነል የሚባለውን ጠይቁ። ከጎን ስታዩት ቀለሙ አይለወጥም። ለፎቶና ለቪዲዮ ሥራ ይሄ ቅንጦት አይደለም፤ ስክሪኑ የዋሸውን ቀለም ደንበኛው ስልኩ ላይ ያየዋል።

ሱቅ ውስጥ ስልካችሁ ላይ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሙሉ ምስሎች ይዛችሁ ሂዱ። አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ አስከፍቷቸው። የሞተች ነጥብ ካለች በአንዱ ላይ ትታያለች።

ካርዱ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ትልቁ ብር የሚወጣው እዚህ ነው፣ ማጭበርበሩም እዚህ ይበዛል።

ለ1080ፒ እንደ አርኤክስ 6600፣ አርኤክስ 7600፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ፣ አርቲኤክስ 4060 እና አርቲኤክስ 5060 ያሉት ይበቃሉ። ለ1440 ግን 12 ወይም 16 ጊጋ ማስታወሻ ያለው ካርድ ፈልጉ። አርክ ቢ580 ባለ 12 ጊጋ ነው። አርኤክስ 9060 ኤክስቲ እና አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋም ባለ 8 ጊጋም ሆነው ይሸጣሉ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

የካርዱ ማስታወሻ ለምን ያስፈልጋል? ጌሙ ሥዕሎቹን የሚያስቀምጥበት ጓዳ ነው። ጓዳው ሲሞላ ካርዱ ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ራም ማመላለስ ይጀምራል፤ ያኔ ጌሙ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ባሉት ከባድ ጌሞች 8 ጊጋ በ1080ፒ ላይ እንኳ አንዳንዴ ይጠባል። ስለዚህ አዲስ ካርድ ገዝታችሁ አራት አምስት ዓመት ልትይዙት ከሆነ ከ8 በላይ ሂዱ። ለሁለት ዓመት ብቻ ከሆነና ዋጋው ካማረ 8ቱም ያገለግላል።

ሥራችሁ ብሌንደር ከሆነ ኤንቪዲያ (አርቲኤክስ የሚባሉትን ካርዶች የሚሠራውን) ምረጡ። ብሌንደር ኦፕቲክስ በሚባለው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር አማካኝነት የአርቲኤክስ ካርዶችን በጣም በደንብ ይጠቀማል። አርቲኤክስ 3060 አሮጌ ቢሆንም (እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጣው) 12 ጊጋ ስላለው ለዚህ ሥራ አሁንም የምወደው ያገለገለ ካርድ ነው። ለጌም ብቻ ከሆነ ግን በተመሳሳይ ብር ኤኤምዲ (አርኤክስ የሚባሉት) ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሰጣል።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ «ይሠራል» የሚለውን ቃል አትቀበሉ። ከዓመታት በፊት የተሠራ ደካማ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ የአዲስ ካርድ ስም ለብሶ ይሸጣል። ዊንዶውስ ውስጥ ስሙ ልክ ሆኖ ይታያል። ጂፒዩ ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ የውሸት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ስሙ አጠገብ የውሸት መሆኑን ይጽፋል። የማስታወሻውን መጠንም ያሳያል። ከዚያ ፈርማርክ የሚባለውን የካርድ መፈተኛ ወይም አንድ ከባድ ጌም ከፍታችሁ ለ15 ደቂቃ አስጩኹት። ፋኑ ይንኳኳል? ስክሪኑ ላይ ቀለም ይረጫል? ኮምፒውተሩ ይጠፋል? ሻጩ 15 ደቂቃ አልፈቅድም ካለ ካርዱን ትታችሁ ውጡ።

ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም አብረው ነው የሚመረጡት

ሦስቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። አንዱን ስትመርጡ ሁለቱን መርጣችኋል። በዚህ በጀት ሦስት ቤተሰብ አለ።

ኤኤም 4 የሚባለው የኤኤምዲ ቤተሰብ ዲዲአር 4 የሚባለውን የቀድሞ ትውልድ ራም ይወስዳል። ርካሽ ነው፣ ያገለገለውም በሽ በሽ ነው። ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር አለው፣ 65 ዋት ነው፣ ማቀዝቀዣው ሳጥኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ስሙን ግን በጥንቃቄ አንብቡ። ራይዘን 5 5500 የሚባል ወንድም አለው፤ እሱ ካሹ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ማስታወሻ) ግማሽ ነው፣ 16 ሜጋ ብቻ፤ ከካርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመርም የቀድሞው ትውልድ ነው። ሻጭ «ያው ናቸው» ይላችኋል። ያው አይደሉም።

ኤኤም 5 አዲሱ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፣ ዲዲአር 5 ብቻ ይወስዳል። ራይዘን 5 7600 ለዚህ በጀት ልክ ነው። የዚህ ቤተሰብ ጥቅሙ ማዘርቦርዱን ሳትቀይሩ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ የተሻለ ፕሮሰሰር መሰካት መቻላችሁ ነው። በኤኤም 4 ግን መንገዱ አልቋል።

ሦስተኛው የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ነው። ኮር አይ 5 12400 ዛሬም ጥሩ ፕሮሰሰር ነው። ማዘርቦርዱ ለዲዲአር 4 ወይም ለዲዲአር 5 ተለይቶ ስለሚመረት የትኛውን እንደሚወስድ አረጋግጡ፤ ሁለቱ ራሞች ቀዳዳቸው አይገጥምም። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ አይ 7 እና አይ 9 ላይ ግን ተጠንቀቁ። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል ራሱ በይፋ ያመነው ከቮልቴጅ የመጣ ችግር ነበረባቸው። በባዮስ ማሻሻያ ይቆማል፣ የተጎዳውን ግን አያድንም። ያገለገለው ከየት እንደመጣ ስለማታውቁ ይቅርባችሁ።

አሁን አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ኢንቴል ላይ ስሙ መጨረሻ ኤፍ ያለበት (12400ኤፍ) ግራፊክስ ውስጡ የለውም። ራይዘን 5 5600ም የለውም። 12400 እና ራይዘን 5 7600 ግን አላቸው። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች «ካርድ ካለህ ምን ያደርግልሃል፣ ኤፉን ግዛ» ይላሉ። እነሱ ካርዳቸው ቢበላሽ በሳምንት ውስጥ ተተኪ ይደርሳቸዋል። እኛ ጋ ሰው ከዱባይ እስኪመጣ ወር ሊፈጅ ይችላል። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ጌሙ ቢቀር ሥራው አይቆምም። በተጨማሪም የኢንቴሉ ግራፊክስ ኩዊክ ሲንክ የሚባል አለው፤ ፕሪሚየር ላይ ከካሜራና ከስልክ የመጣ ቪዲዮ ሲከፈት በጣም ያቀልለታል። የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ 12400ውን የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

ገበያ ውስጥ «ባለ 14 ኮር ዚዮን፣ 32 ጊጋ ራም» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ዋጋው ዓይን ይስባል። አብዛኛውን ጊዜ ኢ5 2680 ቪ4 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሰርቨር የተሠራ። ኮሩ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ ግን ዝግተኛ ነው። ጌም ላይ ስድስት ኮር ያለው 12400 ይበልጠዋል። ዊንዶውስ 11ም በይፋ አይደግፈውም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለባንክ አካውንታችሁና ለደንበኛ ፋይል የምትጠቀሙበት ኮምፒውተር ዝማኔ ሊያገኝ ይገባል።

ማዘርቦርዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ለኤኤም 4 ቢ550፣ ለኤኤም 5 ቢ650፣ ለኢንቴሉ ቢ760 የሚሉትን ፈልጉ። አራት የራም ቀዳዳና ሁለት የኤም.2 ቦታ (ኤስኤስዲ የሚሰካበት) ካለው ጥሩ ነው። ያገለገለ የኤኤም 5 ወይም የኢንቴል ማዘርቦርድ ከሆነ ግን የፕሮሰሰሩን ክዳን አስከፍቱና የስልካችሁን መብራት ከጎን በኩል አብሩበት። ከሺህ በላይ ቀጫጭን ፒኖች እንደ እርሻ ማሳ በረድፍ ቆመው ታያላችሁ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ማብረቅ አለባቸው። አንዷ ወደ ሌላ አቅጣጫ ካንጸባረቀች ታጥፋለች። ያን ማዘርቦርድ አትንኩት።

ራም 16 ጊጋ መነሻ ነው። ሥራና ጌም አንድ ላይ ከሆነ 32 ይሻላል። አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8፣ አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ግዙ፤ ሁለት ሲሆን መንገዱ ሁለት መስመር ይሆናል፣ ጌም ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ለዲዲአር 4 ፍጥነቱ 3200፣ ለዲዲአር 5 6000 ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ግን የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ተሰቅሏል፤ ፋብሪካዎቹ ለኤአይ ማዕከላት ነው የሚያመርቱት። ስለዚህ ቤተሰቡን ከመምረጣችሁ በፊት የራሙን ዋጋ ጠይቁና ሦስቱን ደምሩ። ያገለገለ ዲዲአር 4 ያለው ዘመድ ካላችሁ ምርጫው ወደ ኤኤም 4 ወይም ወደ 12400 ሊያዘነብል ይችላል።

ማስቀመጫው

ዊንዶውሱና ጌሙ ኤንቪኤምኢ በሚባለው፣ ኤም.2 ቦታ ላይ በሚሰካው ኤስኤስዲ ላይ ይሁን፣ ቢያንስ 1 ቴራ። ሳታ በሚባለው የድሮ ገመድ የሚሰካው ኤስኤስዲ በሰከንድ ከ550 ሜጋ ገደማ አያልፍም፤ ኤንቪኤምኢው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ለጌም በጣም ውዱን መግዛት አያስፈልግም። ያለቀለት የቪዲዮ ሥራ የሚቀመጥበት ትልቅ ሃርድ ዲስክ ለብቻው ጨምሩ። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱን እዩ።

ሶኬቱ

አሁን ወደ ሌላው ጫፍ መጣን።

ከዓመታት በፊት ለጎረቤታችን ልጅ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ገጠምኩለት። ፓወር ሰፕላዩን ከኬዙ ጋር «ምርቃት» ብለው ነበር የሰጡን። ከጀርባው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ነበረችው፣ 115 እና 230 የምትል። 115 ላይ እንደነበረች አላየሁም። ሶኬቱ ላይ ስሰካው እንደ ርችት ጮኸ፣ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ልጁ ያንን ብር ለማጠራቀም ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓወር ሰፕላይ ሳላገላብጥ ገዝቼ አላውቅም።

ደህናዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ያቺ ማብሪያ የላቸውም። አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይቀበላሉ። ከአሜሪካ የመጣም ቢሆን ይሄ ከተጻፈበት እዚህ ይሠራል።

ቀጥሎ ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ። ትልቁን «600 ዋት» የሚለውን ተዉት። 12 ቮልት የሚለውን ዓምድ ፈልጉና ሥሩ ያለውን አምፒር በ12 አባዙ። አንዱ ላይ 54 አምፒር ታገኛላችሁ፤ 648 ዋት ነው፣ እውነተኛ ባለ 650 ነው። ሌላው ላይ 25 አምፒር ታገኛላችሁ፤ 300 ዋት ነው፣ ሳጥኑ 600 ቢልም። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚበሉት ከዚህ ዓምድ ነው። 80 ፕላስ ብሮንዝ ወይም ጎልድ የሚል፣ ኃይል እንደማያባክን የሚያሳይ ምልክትም ይኑረው። በእጃችሁ መዝኑት፤ ባዶ ቆርቆሮ ይዛችሁ ከመሰላችሁ አስቀምጡት።

ስንት ዋት ይበቃል? አርቲኤክስ 4060 በ115 ዋት ነው የሚሠራው። ራይዘን 5 7600 በሙሉ ጉልበቱ 88 ዋት ይደርሳል። ማዘርቦርዱ፣ ፋኑና ዲስኩ ተጨምሮ ወደ 250 ዋት ነው። ጥሩ ባለ 550 ከበቂ በላይ ነው። ወደፊት ካርድ ልታሳድጉ ካሰባችሁ 650 ውሰዱ። ውሸተኛ ባለ 800 ከመግዛት እውነተኛ ባለ 550 ይሻላል።

ከዚያ ዩፒኤስ። እኛ ጋ ዕቃ የሚጎዳው መብራት ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ ኃይሉ እየዘለለ ይመጣል። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ይህንን ይመክታል። የተጻፈበት ቪኤ ነው፣ ዋት አይደለም። ብዙዎቹ ላይ 1000 ቪኤ ማለት ወደ 600 ዋት ነው። ለላይኛው ኮምፒውተርና ለስክሪኑ ይበቃል፤ የሚሰጣችሁ ጊዜ ግን ፋይል ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነው። አቅም ካላችሁ ንጹህ ሳይን ዌቭ የሚያወጣውን ጠይቁ፤ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ከእሱ ጋር ይስማማሉ። ርካሾቹ በሚያወጡት የተቆራረጠ ሞገድ መብራት በጠፋ ቅጽበት ኮምፒውተሩ አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከአሜሪካ ዩፒኤስ አታስመጡ፤ እዚያ የሚሸጠው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኬዙን ብረት ስትነኩ ውርር የሚል ንዝረት ከተሰማችሁ የቤታችሁ መስመር ኧርዝ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ጣት ማከፋፈያ ላይ መሰካትም ኧርዙን ይቆርጠዋል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሳዩት። ይሄ ለዕቃው ብቻ አይደለም፣ ለእናንተና ለልጆቻችሁም ነው።

ኬዙና አየሩ

ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ ያምራል፣ አየር ግን አያስገባም። ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጡ፣ ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ ፋን ይበቃል። አዲስ አበባ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ያነሰ ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ መሆኑ ይክሰናል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ለምትኖሩ ግን ፋን ላይ አትቆጥቡ። በበጋ አቧራው ስለሚበረታ በየሁለት ወሩ ማጣሪያውን አውጥታችሁ እጠቡ።

ከየት ይገዛ?

መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ አትግዙ። ደረሰኝና በጽሑፍ የተሰጠ የዋስትና ቀን ተቀበሉ። «ችግር ካለ አምጣው» የሚለው ቃል ሻጩ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ዘመድ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ ያምጣላችሁ። ትንሽ ናቸው፣ በእጅ ሻንጣ ይገባሉ። ካርድም በልብስ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ስንት ክፍያ እንደሚጠየቅበት አስቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ። ዱባይ ያለ ሰው ቡር ዱባይ ካሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳና ላይ የኮምፒውተር ሱቆች በረድፍ ያገኛል። ከዚያ የመጣ ኬብል ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጣት ስለሆነ ለእኛ ሶኬት የሚሆን ኬብል እዚህ ግዙ። ኬዝ፣ ስክሪንና ዩፒኤስ ከዚሁ ይገዙ። ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ የተገዛበት አገር ላይ ብቻ እንደሚሠራ አትርሱ፤ ለዚህ ነው ብዙ የማይበላሸውን ፕሮሰሰር ከውጭ፣ የሚበላሸውን ፓወር ሰፕላይ ከቅርብ የምመርጠው።

«ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቼ ካርድ ልጨምርበትስ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ ኤሊትዴስክ ጠንካራ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ለቢሮ ሥራ ዛሬም እመክራቸዋለሁ። ግን የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ለእነሱ ብቻ የተሠራ ነው፣ ለካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። ቀጭኑ ኬዝ ውስጥ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባም። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ትልቁን ኬዝ ካገኛችሁ ይሞከራል። ከ8ኛ በታች ያለውን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም።

የመጀመሪያው ሌሊት

ዕቃው ተገጠመ። አሁን አትቸኩሉ።

የስክሪኑን ኬብል ካርዱ ላይ ሰኩ፣ ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ላይ አይደለም። ውድ ካርድ ገዝተው ለወራት ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው የተጫወቱ ሰዎች አውቃለሁ።

ኤኤም 5 ከሆነ መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል። ራሙን እየተለማመደ ነው። አታጥፉት፣ ቡና አፍሉ።

ከዚያ ባዮስ ግቡ። ራሙ እናንተ በከፈላችሁበት ፍጥነት አይደለም የሚነሳው፤ ባለ 6000ው 4800 ላይ፣ ባለ 3200ው ከዚያም ባነሰ ይነሳል። ኤኤምዲ ላይ ኤክስፖ፣ ኢንቴል ላይ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩ። እዚያው እያላችሁ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳይነሳ አድርጉ። ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ የስክሪኑን ፍጥነት እዩ። 144 ሄርዝ ገዝታችሁ 60 ላይ ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ከባድ ጌም ክፈቱና ለአንድ ሰዓት አስሩጡት። ሙቀቱን ተከታተሉ፤ ካርዱ ከ85 ዲግሪ በታች ከሆነ ደህና ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ጌሙ እየሮጠ እያለ ወደ ግድግዳው ሂዱና የዩፒኤሱን ሶኬት ንቀሉት። የአክስቴ ልጅ ይሄን ሳደርግ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ነበር። ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ ኳሱን ይዞ መሮጡን ቀጠለ።